ፍጥነቱ በተማሪው እጅ ይሁን፦ እንግሊዝኛ፣ ስልክና ቤተ መጻሕፍት በጋምቤላ

በጋምቤላ ክልል ለረጅም ዓመታት በቆየው አሠራር አንድ የአኝዋክ ወይም የኑዌር ልጅ እስከ 4ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማርና 5ኛ ክፍል ሲገባ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። አዲስ አበባ ያለው እኩያው እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ይማራል፤ ኦሮሚያ ያለው ደግሞ በአፋን ኦሮሞ እስከ 8ኛ ክፍል ይዘልቃል። ሦስቱም 12ኛ ክፍል ሲደርሱ የሚቀርብላቸው ፈተና ግን አንድ ነው፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ መማር ቀድሞ የጀመረው የጋምቤላው ልጅ ብልጫ ሊኖረው ይገባል የሚል ይኖር ይሆናል። በዚያ ቋንቋ የሚነበብ ነገር በእጁ ቢኖር ኖሮ ምናልባት እውነት ይሆን ነበር።

ስለ እንግሊዝኛ ትምህርት መድከም ስንነጋገር መምህሩን እናነሣለን፣ ሥርዓተ ትምህርቱን እናነሣለን፣ አሁን አሁን ደግሞ ስልኩን እንከሳለን። ቤተ መጻሕፍት የሚነሣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ገንዘብ ከተረፈ የሚሠራ ነገር ተደርጎ። እኔ ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። ቴክኖሎጂው በገፋ፣ እንግሊዝኛውም በተለዋወጠ ቁጥር ተማሪው ረጅም ነገር ዝግ ብሎ በራሱ ፍጥነት የሚያነብበት ቦታ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ይህ እውነት ከየትም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ጋምቤላ ላይ ነው።

የፈተናውን ቁጥር ሁላችንም እናውቀዋለን። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት ጊዜ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። ከዚያ የመጀመሪያ ድንጋጤ በኋላ ብዙ ተባለ፤ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህራን ብቃት፣ ስለ ትምህርት ቤቶች ደረጃ። ከተባለው ውስጥ የማይረባ አልነበረም። ይሁን እንጂ ስለ ንባብ የተባለው በጣም ጥቂት ነው። በዚያ ፈተና ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አንብቦ የሚረዳ ተማሪ ሰዓቱ ያልቅበታል፤ የሚጠየቀውን እያወቀ ይወድቃል። ንባቡ የዘገየ ልጅ የሚጎዳው በእንግሊዝኛው ትምህርት ብቻ አይደለም፤ በሁሉም ነው።

ወደ ጋምቤላ ስንመለስ፣ እንግሊዝኛ እዚያ የገባው በትምህርት ቤት በኩል አይደለም። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል ውስጥ እንግሊዞች በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲያቆሙ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረ። ጣቢያው ከሁለት ዓመት በኋላ ጋምቤላ ላይ ቆመ። ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን በኩል የእንፋሎት መርከቦች ይመጡ ነበር፤ ሸቀጥ ያራግፉና የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ቦታው ለኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በባሮ ዳር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተሰማው እንግሊዝኛ የጉምሩክ፣ የሚዛንና የመዝገብ እንግሊዝኛ ነበር፤ ልጆችን ለማስተማር የመጣ አልነበረም።

ቀጥለው የመጡት አሜሪካውያን ሚስዮናውያን ናቸው። በ1940ዎቹ ፕሬስቢቴሪያኖች በአኝዋክ ምድር ፖክዎ ላይ ጣቢያ ከፈቱ። ከሥራቸው ሁሉ ዛሬ ድረስ በክፍል ውስጥ የሚታየው የፊደሉ ጉዳይ ነው። ኑዌርኛ ወደ ጽሑፍ የገባው በወንዙ ታችኛው በኩል፣ በሱዳን ነው። በ1920 ዓ.ም. ረጃፍ ላይ በተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ በደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች እንዲሠራባቸው ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ በላቲን ፊደልም ተጻፈ። አኝዋክኛም እንዲሁ በላቲን ፊደል ተጻፈ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎችና በግዕዝ ፊደል ሲካሄድ ሁለቱም ከዝርዝሩ ውጭ ነበሩ። ስለዚህ የዛሬው የጋምቤላ ተማሪ ሁለት ፊደልና ሦስት ቋንቋ ይዞ ነው የሚያድገው፤ የቤቱን ቋንቋና እንግሊዝኛን በላቲን፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል። ይህ ሸክም ብቻ ሆኖ ይታየናል እንጂ ሀብትም ነው። በአኝዋክኛ አጣርቶ ማንበብ የቻለ ልጅ የእንግሊዝኛን ፊደል እንደ አዲስ አይጀምርም።

በዚህ ላይ ደግሞ የጎረቤት እንግሊዝኛ አለ። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የክልሉ ነዋሪ 307 ሺህ ገደማ ነበር፤ ዛሬ በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊ፣ በፑኝዶና በሌሎቹ መጠለያዎች የሚኖሩት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች ብቻ ከ300 ሺህ በላይ ናቸው። ደቡብ ሱዳን ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የሥራ ቋንቋዋ እንግሊዝኛ ነው። ከጁባ፣ ከካምፓላ፣ ከናይሮቢ የመጣው እንግሊዝኛ የራሱ ዜማና የራሱ አባባል አለው። ከሚኒሶታ፣ ከነብራስካና ከሜልቦርን ዘመድ የሚልከው የድምፅ መልእክት ደግሞ ሌላ ነው። ኒውላንድ በሚባለው የጋምቤላ ሰፈር አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ቀን ውስጥ የመምህሩን፣ ከመጠለያው የመጣ ጓደኛውን፣ የአሜሪካ አጎቱንና የዩቲዩቡን እንግሊዝኛ ሊሰማ ይችላል። የአገራችን የትምህርት ውይይት ይህን ልጅ እንግሊዝኛ ሰምቶ የማያውቅ አድርጎ ነው የሚያስበው። ልጁ ሰምቷል፤ ያጣው የሚነበበውን ነው።

እንግሊዝኛው ራሱም አይቆምለትም። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት በየሩብ ዓመቱ ይታደሳል፤ በ2014 ዓ.ም. ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ እንግሊዝኛ የተወሰዱ 200 ያህል ቃላትና ፍቺዎች በአንድ ጊዜ ገብተውበታል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካው መሪየም ዌብስተር «ዴይ» የሚለውን ተውላጠ ስም ለአንድ ሰው መጠሪያነትም መዝግቦታል፤ በኛ ክፍል ውስጥ ግን ለብዙ ሰው ብቻ ተብሎ ይታረማል። በ2024 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው «ብሬይን ሮት» የሚለውን ነው፤ በስክሪን ላይ በሚፈስ ርባና ቢስ ነገር አእምሮ መላሸቁን የሚናገር ወጣቶች ያወጡት አባባል ነው ብለን ነበር። አዘጋጆቹ ወደ ኋላ ሄደው ሲፈልጉት የመጀመሪያውን መገኛ በሄንሪ ዴቪድ ቶሮ «ዋልደን»፣ በ1854 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፍ ውስጥ አገኙት።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። እንግሊዝኛ ተለወጠ ስንል አሮጌው ተጥሎ አዲስ ተተካ ማለታችን አይደለም። አዲሱ የሚወጣው ከአሮጌው ማህፀን ነው። ለውጡን ለመከተል አዳዲስ ቃላትን እየለቀሙ መሸምደድ አይቻልም፤ ማንም አይደርስባቸውም። ብዙ ያነበበ ተማሪ ግን የቴሌግራሙን አጻጻፍ ከማመልከቻ አጻጻፍ፣ የጁባውን አነጋገር ከመማሪያ መጽሐፉ ለይቶ እያንዳንዱን በቦታው ያውለዋል። ያላነበበው ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ይቀላቅለዋል። በዩኒቨርሲቲ መምህራን ዘንድ የሚሰማው ምሬት፣ ተማሪው ሦስት ፊደል ያለውን ቃል በአንድ ፊደል አሳጥሮ በፈተና ወረቀት ላይ ጻፈ የሚለው፣ ምንጩ ስልኩ ብቻ አይደለም። ልጁ ከስልኩ ሌላ የተጻፈ እንግሊዝኛ የሚያይበት አጋጣሚ ማጣቱ ነው።

ቴክኖሎጂ ይህን ይፈታዋል የሚል ተስፋ ከዚህ በፊትም ነበረን። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ውስጥ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶና ተቀርጾ በሳተላይት ለመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ ይለቀቅ ነበር፤ በእንግሊዝኛ። ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነው፤ ለመምህሩ የሚተርፈው በመግቢያውና በመዝጊያው ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበር። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለጥቂት ሰከንዶች ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገራል፣ ያልፋል። መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አመለጠ፤ ተመልሶ አይመጣም። በዚያ ዘመን የተማሩ ሰዎች ዛሬም የሚያነሡት የአነጋገሩን ባዕድነትና ፍጥነቱን ነው። የትምህርቱ ይዘት ደካማ አልነበረም፤ ሥዕሉና ቤተ ሙከራው ከብዙ ትምህርት ቤቶች አቅም በላይ ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ ያልገባው ተማሪ «ቆይ» ብሎ ሊያስቆመው አይችልም። ፍጥነቱ በሌላ ሰው እጅ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም፤ አሁን በእጃችን ያለውን ለመመዘን መለኪያ ስለሚሆነን ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙ ቦታ የታተመው መጽሐፍ ከመድረሱ በፊት የደረሰው ፒዲኤፉ ነበር፤ በቴሌግራም። ስልክ ያለው ለሌለው እያሳየ፣ ገጹን ፎቶ አንሥቶ እየላከ፣ ሾርት ኖት እየቀዳ ተማረ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፒዲኤፍ ባይኖር ኖሮ ዲማና ጎደሬ ያለው ተማሪ ያን ዓመት በባዶ እጁ ባለፈ ነበር። ቢሆንም 200 ገጽ የባዮሎጂ መጽሐፍ በመዳፍ ስፋት ስክሪን ላይ፣ ባትሪው እያለቀ፣ በየመሀሉ መልእክት እየገባ ማንበብ ማንበብ ነው ወይ? አብዛኛው ተማሪ የሚያደርገው ፍለጋ ነው፤ ለወርክሽቱ መልስ የሚሆነውን መስመር ፈልጎ ያገኝና ይወጣል። ከአጫጭር ቪዲዮዎቹ ጋር ደግሞ ፍጥነቱ እንደገና ከእጁ ይወጣል።

ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ በመጡት እንደ ቻትጂፒቲ ባሉት መሣሪያዎች ላይ ያለኝ አስተያየት ሁለት መልክ አለው። አንድ አንቀጽ አልገባኝም፣ በቀላል እንግሊዝኛ አስረዳኝ ብሎ የሚጠይቅ ልጅ ትዕግሥተኛ አስጠኚ አግኝቷል፤ አቦቦ ወይም ላሬ ላይ እንዲህ ያለ አስጠኚ በሰው ማግኘት ከባድ ነው። ድርሰቱን ጻፍልኝ የሚል ልጅ ግን ከንባቡ ጋር ጽሕፈቱንም አሳልፎ ሰጠ። የመለያው ነጥብ ልጁ ቀድሞ ምን ያህል አንብቧል የሚለው ነው። ማንበብ የሚችል ተማሪ የማሽኑን መልስ ይመዝናል፤ የማይችለው ይቀበላል። የፈተናው አዳራሽ ደግሞ ስልክ አያስገባም። በዚያ ሰዓት ለተማሪው የሚቀሩት ወረቀቱ፣ እስክርቢቶውና ለ12 ዓመት ያነበበው ወይም ያላነበበው ነገር ናቸው።

በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በፊጂ ደሴቶች የተደረገ አንድ ጥናት አለ፤ ለጋምቤላ የትምህርት ኃላፊዎች ሁሉ ቢነበብላቸው እመኛለሁ። ዋርዊክ ኤሊና ፍራንሲስ ማንጉባይ የተባሉ ተመራማሪዎች በገጠር የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠሩት። ልጆቹ በቤታቸው እንግሊዝኛ አይናገሩም፤ መጽሐፍ በአካባቢያቸው የለም ማለት ይቻላል፤ ትምህርታቸው ግን ወደ እንግሊዝኛ እየተሻገረ ነው። ተመራማሪዎቹ ለተመረጡት ክፍሎች 250 ያህል ሥዕል ያላቸው የእንግሊዝኛ የተረት መጻሕፍት ሰጡ። የተጠየቀው ቀላል ነበር፤ በየቀኑ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ማንበብ። በአንዳንዱ ክፍል መምህሩ ከልጆቹ ጋር ያነብብና ስለ ታሪኩ ያወያያል፤ በሌላው ልጆቹ ዝም ብለው በየራሳቸው ያነብባሉ። የቀሩት ክፍሎች በተለመደው የሰዋስውና የቃላት ልምምድ ቀጠሉ። ከስምንት ወር በኋላ መጽሐፍ ያገኙት ልጆች በንባብ የገፉት ከሌሎቹ በእጥፍ ፍጥነት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ልዩነቱ አልጠፋም፤ እንዲያውም ወደ ጽሕፈታቸውና ወደ ሌሎች ትምህርቶች ተሻገረ።

በዚያ ጥናት ውስጥ አዲስ ሥርዓተ ትምህርት የለም። ከውጭ የመጣ መምህር የለም። ስክሪን የለም። የ5ኛ ክፍል ልጅ ሊያነበው የሚወደው መጽሐፍ፣ በቂ ቁጥር ያለው፣ በክፍሉ ውስጥ፣ በእጁ መድረስ የሚችል ነው ለውጡን ያመጣው። ዝም ብለው በሚያነቡት ክፍሎች ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ያነበበው በራሱ ፍጥነት ነው። ፈጣኑ ሦስት መጽሐፍ ሲጨርስ ዘገምተኛው አንዱን ደጋግሞ ማንበብ ይችል ነበር።

ይህን ከኛ ቤተ መጻሕፍት ጋር ሳስተያየው ልቤ ያዝናል። በብዙ የአገራችን ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት የሚባለው ክፍል የመማሪያ መጽሐፍ መጋዘን ነው። መደርደሪያው ላይ ያሉት በእርዳታ የመጡ፣ ለኮሌጅ የሕግ ወይም የሒሳብ መዝገብ ተማሪ የተጻፉ ወፍራም መጻሕፍት ናቸው፤ ከጎናቸው ገጻቸው ያለቀ አጋዥ መጻሕፍት፣ ኤክስትሪም የመሳሰሉት፣ ተደርድረዋል። የመጀመሪያዎቹን ማንም ልጅ አይነካቸውም፤ የኋለኞቹ ለፈተና ሲገለጡ ይቀዳደዳሉ። በመሀል መኖር የነበረበት የለም፦ በ300 ወይም በ400 ቃላት የተጻፈ ትንሽ ታሪክ፣ ቀጥሎ በ600፣ ቀጥሎ በ1,000፣ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ የሚወጣ ንባብ። ፖል ኔሽን የተባለው የቋንቋ ሊቅ በ2006 እ.ኤ.አ. እንዳሰላው ልብ ወለድና ጋዜጣ ያለ ረዳት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ፣ ማለትም መነሻ ቃል ከነርቢዎቹ፣ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ቃል በሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስተማረ መምህር የለም፤ ሊኖርም አይችልም። የሚገኘው በንባብ ብቻ ነው።

የመጻሕፍቱ አያያዝም የራሱ ጣጣ አለው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር በሚሆን ዝቅተኛ ስፍራ ላይ ነች። ሙቀቱ በበጋ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ክረምት እርጥበቱ ሙጫውን ያላቅቃል፣ ምስጥ ከግድግዳ ሥር ወጥቶ የታችኛውን መደርደሪያ ይበላል፣ ባሮ ሲሞላ ደግሞ እንደ ኢታንግ ያሉ ወረዳዎች ትምህርት ቤታቸው ሳይቀር በውሃ ይከበባል። ስለዚህ ለዚህ አካባቢ የሚሠራ የንባብ ክፍል ከወለሉ ከፍ ያለ፣ የብረት መደርደሪያ ያለውና ነፋስ የሚያገኝ መሆን አለበት። የአዲስ አበባውን ንድፍ አምጥቶ መትከል አይሆንም።

ሰዓቱም እንዲሁ። ቤተ መጻሕፍት በመንግሥት የሥራ ሰዓት ብቻ ከተከፈተ ተማሪው ክፍል ውስጥ ሳለ ክፍት ነው፤ ተማሪው ሲለቀቅ ይዘጋል። ጋምቤላ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ የመሥሪያ ቤቶች የሥራ ሰዓት ይስተካከላል፤ ጧት ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ የቀኑ እሳት ሲበርድ ከሰዓት በኋላ ይቀጥላል። ለቢሮ የተፈቀደው ለንባብ ክፍል ለምን አይፈቀድም? ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ በሶላር መብራት የሚሠራ አንድ ክፍል መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለብዙ ልጆች ብቸኛው የማጥኛ ቦታ ይሆናል። ቤቱ ጠባብ የሆነበት፣ ወንድም እኅቶቹ የሚጫወቱበት፣ ኩራዝ የሚያበራ ልጅ ከመጽሐፉ በፊት የሚፈልገው ወንበርና ጸጥታ ነው።

ቴክኖሎጂን ከቤተ መጻሕፍት ጋር አጣልቼ መጨረስ አልፈልግም፤ ትክክለኛ ቦታው እዚያው ውስጥ ነው። ኪዊክስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ሙሉውን የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ወደ 100 ጊጋባይት በሚሆን ቦታ ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ዊኪፔዲያ ደግሞ በጣም ባነሰ ቦታ ይይዛል። ፕሮጀክት ጉተንበርግ ከ70 ሺህ በላይ የባለቤትነት ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍትን በነፃ አስቀምጧል። አንዲት አነስተኛ ኮምፒውተር እነዚህን ይዛ በክፍሉ ውስጥ ዋይፋይ ብትለቅ ተማሪው ፓኬጅ ሳይገዛ፣ ኔትወርክ ጠፋ ሳይል ስልኩን ወደ መጽሐፍነት ይለውጠዋል። ማሳሰቢያ የሚልክ የለ፣ ቪዲዮ የሚያባብል የለ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ሆነ ከዚያው ዓመት ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት የጀመረው የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ በስክሪን ላይ የተጻፈ ረጅም እንግሊዝኛ ተቀምጦ ማንበብ የሚችል ልጅ።

ስለ አኝዋክኛና ስለ ኑዌርኛ መጻሕፍት ሳልናገር ባልፍ ግን ያልኩት ሁሉ ግማሽ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር በካትሊን ሂው መሪነት የተካሄደው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው 8 ዓመት የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ምዘና ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ማንበብ አንድ ጊዜ ነው የሚለመደው፤ በሚያውቁት ቋንቋ ከተለመደ ወደ ሌላው ይሻገራል። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ተራድኦ ድጋፍ በሰፊው የተዘጋጁት የንባብ መጻሕፍት በ7 ቋንቋዎች ነበሩ፤ የጋምቤላ ቋንቋዎች ከነዚህ ውስጥ አልነበሩም። የአኝዋክ፣ የኑዌር፣ የመዠንገር፣ የኦፖና የኮሞ ልጆች ከመማሪያ መጽሐፋቸው ውጭ በቋንቋቸው ደስ ብሏቸው የሚያነቡት ነገር በጣት የሚቆጠር ነው።

በዚህ በኩል የማሽኖቹ ዓለም ራሱ አንድ ነገር እየነገረን ነው። ሜታ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው በ200 ቋንቋዎች የሚሠራ የትርጉም ሥርዓት ውስጥ ኑዌርኛ አለ። ጉግል በሰኔ 2016 ዓ.ም. 110 ቋንቋዎችን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ሲጨምር ኑዌርኛ አብሮ ገባ፤ አማርኛ የገባው ከዚያ 8 ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። አኝዋክኛ ከ110ሩ ውስጥ አልነበረም። ማሽን የሚማረው ከተጻፈ ነገር ነው። የተጻፈው ጥቂት ከሆነ ማሽኑም ይንተባተባል፣ ወይም ከነጭራሹ ቋንቋውን አያውቀውም። ስለዚህ የጋምቤላ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚቀበል ብቻ ሳይሆን የሚያስጽፍም መሆን አለበት። በመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ያሉ እጩ መምህራን የሽማግሌዎችን ተረት በቋንቋቸው ቢጽፉ፣ አንድ ገጽ በአኝዋክኛ ትይዩው ገጽ በእንግሊዝኛ ሆኖ ቢታተም፣ የ4ኛ ክፍሉ ልጅ ወደ 5ኛ ክፍል የሚሻገርበት ድልድይ ይኖረዋል።

እንዲህ ያለ ሥራ በአገራችን አልተሞከረም አይባልም። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በስደት አሜሪካ ገብቶ በሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነ፤ በዚያ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን መጽሐፍ ቢያጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን «ማሞ ቂሎ»ን አሳተመ። አገሩ ተመልሶም በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ቀጥሎ በሐዋሳ አካባቢ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመረ። በክረምት ወደ ጂካዎና ወደ አኮቦ የሚወስደው መንገድ በውሃ ሲዘጋ ሰውም እህልም የሚጓዘው በጀልባ ነው። መጽሐፍም በጀልባ መጓዝ ይችላል።

በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ አዲስ አበባ አራት ኪሎ ላይ የተመረቀው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢ ያስተናግዳል፤ ወጣቶች ሰልፍ ይዘው ሲገቡበት ማየት ያስደስታል። ጋምቤላ ከዚያ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የሚያስፈልጋትም ያን የሚያህል ሕንፃ አይደለም። ሒሳቡን በፊጂው ልክ ብናደርገው ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል አንድ አንድ ምድብ ያለው ትምህርት ቤት የሚፈልገው 1,000 መጽሐፍ ነው፤ ሥዕል ያለው፣ ቀጭን፣ በደረጃ የተመረጠ። ሁለት ጎረቤት ትምህርት ቤቶች በየመንፈቁ ቢለዋወጡት በግማሽ ወጪ ይሆናል። ከመጽሐፉ የሚከብደው ሰው ነው። ቤተ መጻሕፍቱን ማስተማር ለደከመው ሠራተኛ ማረፊያ አድርጎ መመደብ ቀርቶ መጻሕፍቱን ራሱ የሚያነብ፣ ለልጁ «ይህን ከጨረስክ ያኛውን ሞክር» የሚል፣ ልጁ ይዞ ከሚያድጋቸው ሦስት ቋንቋዎች ቢያንስ ሁለቱን የሚናገር ሰው በደመወዝ መቅጠር ያስፈልጋል። ይህ በክልሉ ትምህርት ቢሮ መዋቅር ውስጥ የሥራ መደብ፣ በበጀቱም ውስጥ የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል። ለመጽሐፍ መግዣ ተብሎ ያልተለየ ገንዘብ ሁልጊዜ ለነዳጅና ለስብሰባ ይውላል።

በዚህ ዓመት ሊጀመር የሚችል ነገርም አለ። የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜና እሑድ ለከተማው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤት መታወቂያ ቢከፈት አዲስ ግንባታ አይጠይቅም፤ የሚያስወጣው የጥበቃና የአንድ ሁለት ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው። እነዚያ ልጆች ፈተናቸውን የሚወስዱት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጠው፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሙሉ እንግሊዝኛ አንብበው እንዲመጡ ማድረግ በዩኒቨርሲቲው፣ በትምህርት ቢሮውና በትምህርት ቤቶቹ መካከል የአንድ ደብዳቤ ስምምነት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ደብዳቤው ከዚያ በፊት ሊጻፍ ይችላል።